ሌባው በድምፅ ሲመጣ

«ቫይረስ ገብቶበታል» ያላለ ሰው አልነበረም። የግቢው ተከራይ አለ፤ የጎረቤት ልጅ አለ፤ ከኮተቤ እስከ መገናኛ ስልኩን ተቀብሎ ያገላበጠ ሁሉ አለ። ባለፈው ክረምት የአክስቴን ስልክ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ነካው። ይግላል። ቻርጁ ከቀትር አያልፍም። አንድ ፎቶ ለመክፈት ሲነኩት ሃንግ ያደርጋል። መዝሙር እየሰሙ ሳለ ድንገት ስክሪኑን በሙሉ የሚሸፍን የቁማር ማስታወቂያ ይዘረገፋል። ይህን ሁሉ ብዙዎቻችን ስለምናውቀው ተለምዷል እንበል። ያልተለመደው ሌላ ነበር፦ ሰው ሲደውልላቸው የአክስቴ ስልክ አይጠራም፤ ለደዋዩ ግን ይጠራለታል፤ ይነሳለታልም። የሚያነሳው ሰው ወንድ ነው።

ይህን ያወቅነው ከቤሩት ነው። እዚያ በሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው አንድ ቀን ከእናቷ ቁጥር በዋትስአፕ መልእክት ደረሳት። የእናቷ ፎቶ አለበት። «አሞኛል፤ ሐኪም ቤት ነኝ፤ ለምርመራ የሚሆን ብር በዚህ ቁጥር አስገቢልኝ» ይላል። ልጅቷ አልቸኮለችም። ብር ከመላኳ በፊት ማድረግ የሚገባትን አደረገች፤ በቀጥታ መስመር ደወለች። አንድ የሰከነ ድምፅ አነሳና በትሕትና «እማዬ ግሉኮስ ተተክሎላቸው ተኝተዋል፤ እኔ ልጃቸው ነኝ» አላት። አክስቴ ከእሷ በቀር ልጅ የላቸውም። ስልኩን ዘግታ እኔ ጋ ስትደውል ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ወንድሜ፣ ሂድና እማዬን እያት፤ ቤቷ ሰው ገብቷል!»

ኮተቤ እንዴት እንደደረስሁ አላስታውስም። ግቢው በር ላይ ስደርስ አክስቴ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ምስር ይለቅማሉ። ስልኩ አጠገባቸው ዱካው ላይ ተቀምጧል። «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉኝ ፊቴን አይተው። ያን ጊዜ በእጄ ካለው ስልክ ወደ ቁጥራቸው ደወልሁ። የሳቸው ስልክ ዝም አለ። በጆሮዬ ግን ሲጠራ እሰማለሁ። ከዚያ «ሃሎ፣ አቤት?» የሚል የወንድ ድምፅ መጣ። እናት ከልጇ ጋር የምትነጋገርበት መስመር መሐል ላይ የማናውቀው ሰው ተቀምጦበት ነበር። ከእኔም ከአክስቴም አፍ ለረጅም ጊዜ ቃል አልወጣም።

ጎረቤቱ ግን ምርመራውን ጨርሶ ነበር። ከቀናት በፊት ስልኩ ሲግልና ሲዘገይ የጎረቤት ልጅ ሊረዳቸው ብሎ «ቫይረስ ማጽጃ» የሚባል መተግበሪያ ከጓደኛው ስልክ በዜንደር ተቀብሎ ጭኖላቸዋል። ልጁን ማንም እንዲወቅሰው አልፈልግም፤ ለአሮጊት ጎረቤቱ ጊዜውን የሰጠ ደግ ልጅ ነው። የግቢው ተከራይ ደግሞ «ፎርማት ይደረግ፤ ሌላ መፍትሔ የለውም» ይላል። ሁሉም በቅንነት ይናገራል፤ ሁሉም አንዲት ቃል ይደግማል። ለአንድ ችግር ስም ሲገኝለት የተረዳነው ይመስለናል። በዚያ ቀን ግን ስሙ ራሱ መንገዳችንን ዘጋብን፤ የሚግለውም፣ የሚዘገየውም፣ ማስታወቂያ የሚያመጣውም፣ ጥሪ የሚሰርቀውም አንድ ነገር ነው ብለን ያንን አንድ ነገር ፍለጋ ወጣን።

መገናኛ ደረጃ ሥር ከሚሠሩት የሞባይል ጠጋኞች አንዱ ጋ ገባን። ስልኩን ተቀበለ፣ ከፈተ፣ ሁለት ሦስት ቦታ ነካ፣ ወዲያው «ፍላሽ ካልተደረገ አይድንም፤ 800 ብር» አለ። ውስጡ ያለው ነገርስ ብዬ ጠየቅሁ። «ሁሉም ይጠፋል» አለ፤ ዓይኑን ከሌላ ደንበኛ ስልክ ላይ ሳያነሳ። አክስቴ እጄን ያዙኝ። «የጋሼ ድምፅም ይጠፋል?» አሉ። ባለቤታቸው ከማረፋቸው በፊት ልጃቸው ወደ ቤሩት ስትሄድ ቦሌ ላይ ሲመርቋት የተቀዳ ድምፅ ስልኩ ውስጥ አለ። ሌላ ቦታ የለም። ስልኩን መልሼ ተቀበልሁና ወጣን።

ስለዚህ ነገር ያለኝን ልናገር። ፍላሽ ማድረግ አስፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ግን በብዙ ሱቆች መጀመሪያ የሚሰጠው መልስ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄውን ያስቀራል። ምን እንደነበር ሳይታወቅ ሁሉም ነገር ይደመሰሳል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ችግር ሲመለስ እንደገና ይከፈላል። በኋላ እንደተረዳነው ደግሞ ያ ጠጋኝ ስልኩን መቶ ጊዜ ፍላሽ ቢያደርገው፣ እንዲያውም አክስቴ አዲስ ስልክ ቢገዙ፣ ጥሪያቸውን የሚያነሳው ሰው ከመስመሩ ላይ አይነሳም ነበር። የባለቤታቸውን ድምፅ ግን እናጣው ነበር።

ይህን ስል ቫይረስ የሚባል ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ እኛው አገርም ገብቶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2020 አፕስትሪም የተባለ የደህንነት ኩባንያ ይፋ ባደረገው ምርመራ በኢትዮጵያ፣ በካሜሩን፣ በግብፅ፣ በጋናና በደቡብ አፍሪካ በተሸጡ ቴክኖ ደብልዩ 2 ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ አጥፊ ፕሮግራሞች ተገኝተዋል። ባለቤቱ ሳያውቅ ለተለያዩ አገልግሎቶች እያስመዘገቡ ዳታውንና የሞላውን ካርድ ይበሉ ነበር። ስልኩ አዲስ ሆኖ ከካርቶኑ ሲወጣ ውስጡ ነበሩ። አምራቹ ስሙን ባልጠቀሰው አቅራቢ በኩል የገባ ነው ብሎ ማስተካከያ መልቀቁን ተናግሯል። ኤክስሄልፐር ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ቢመለስም እንደገና ብቅ እያለ ባለሙያዎችን ያስቸገረ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በርካሽ ስልክ ላይ መገኘቱ ያናድደኛል፤ ድሃው ሌላ የሚመርጠው የለውም። ስለዚህ የሰዎችን ፍርሃት አልንቅም። የአክስቴ ስልክ በሽታ ግን ይህ አልነበረም።

ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ወጣት ጠጋኝ አለች። ሥራዋን ሳይ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ እጅ በየሰፈሩ ቢኖረን ብዬ ተመኘሁ። ስልኩን ሳትከፍት መጀመሪያ አክስቴን ጠየቀቻቸው። «እናቴ፣ መቼ ጀመረዎት? የቱ ቀድሞ መጣ?» አለች። ሐኪም ቤትም እንዲህ በዝግታ የሚጠይቅ ማግኘት ብርቅ ነው። ከዚያ ስልኩን የመስታወት ጠረጴዛ ላይ በጀርባው አስተኝታ በጣቷ ገፋ አደረገችው፤ ዞረ። ጀርባው ጠፍጣፋ የሆነ ጤነኛ ስልክ እንዲህ በቀላሉ አይዞርም። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ከውስጥ ገፍቶታል። ሊቲየም ባትሪ ሲያረጅ፣ በማይሆን ቻርጀር ሲጎዳ ወይም ሲግል ውስጡ ጋዝ ይፈጠርና ያብጣል። እንዲህ የሆነ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፤ አይጫንም፤ አይወጋም፤ እሳት ሊነሳ ይችላል። አክስቴ ሌሊት ሌሊት ትራሳቸው ሥር አድርገው ቻርጅ ያደርጉት ነበር። ቀልቤ ተገፈፈ። ለሁላችን አስፈሪ የነበረው ቫይረሱ ሆኖ ሳለ እሳቱ ከራስጌያቸው ነበር።

የመዘግየቱ ምክንያት ሌላ ነው። ቴሌግራም ውስጥ አክስቴ የገቡባቸው የመዝሙርና የስብከት ቻናሎች ቪዲዮውን ሁሉ በራሳቸው እያወረዱ ማኅደሩን ሞልተውታል፤ ስልኩ የሚተነፍስበት ቦታ የለውም። ወጣቷ መጀመሪያ ፎቶዎቹንና የጋሼን ድምፅ ወደ ሚሞሪ ካርድ ገለበጠች፤ አክስቴ ፊት አጫውታ አረጋገጠች፤ ከዚያ የቴሌግራሙን ክምችት አጸዳች፤ በራሱ ማውረዱንም ዘጋችው። ባትሪውን ቀየረች።

የቀረው ማስታወቂያው ነው። እሱን ለመያዝ ስልኩን በሴፍ ሞድ አስነሳችው። በአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች ማጥፊያውን ተጭነው የሚመጣውን «ፓወር ኦፍ» የሚል ምልክት ጣትዎን ሳያነሱ ከያዙት ይጠይቅዎታል። በዚህ ሁኔታ ሲነሳ ከስልኩ ጋር የመጡት ብቻ ይሠራሉ፤ በኋላ የተጫኑት ይተኛሉ። ስልኩን በዚህ አኳኋን ይዘን ሻይ ጠጣን፤ ማስታወቂያ አልመጣም። እንግዲህ ጥፋተኛው ከተጫኑት አንዱ ነው ማለት ነው። ዝርዝሩን ስታይ ያ «ማጽጃ» ተገኘ። በሌሎች መተግበሪያዎች ላይ ተደርቦ የመታየት ፈቃድ ተሰጥቶታል። ስክሪኑን የማንበብና በባለቤቱ ምትክ የመጫን ፈቃድም ተሰጥቶታል፤ ይህ ፈቃድ ማየት ለተሳናቸው ሰዎች መርጃ ተብሎ የተሠራ ነው፤ የሌባ መተግበሪያዎች በዓለም ዙሪያ የሰው ባንክ የሚከፍቱት በሱ ነው። በቀላሉ እንዳይጠፋም የአስተዳዳሪነት ፈቃድ ይዟል። እሱን ነጥቃ አጠፋችው። ቫይረስ ያጸዳል ተብሎ የገባው እሱ ነበር ማስታወቂያውን የሚያመጣው። በዚህ ወቅት ስልክዎ ላይ ማጽጃ፣ ማፍጠኛ፣ ባትሪ ማደሻ የሚል ነገር ካለ ይህን ዝርዝር ይክፈቱና ምን እንደተፈቀደለት ይዩ። አንድሮይድ የራሱ መፈተሻ አለው፤ ፕሌይ ስቶር ውስጥ ፕሌይ ፕሮቴክት ይባላል፤ ለአብዛኛው ሰው እሱ ይበቃል።

ጥሪውንስ? ወጣቷ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ ስልኩ ውስጥ የለም፤ መስመሩ ጋ ነው። ሂዱና አሳዩ» አለችን። ሂሳቧን ከፍለን፣ ዝናብ ውስጥ ገብተን፣ ወደ አንድ የቴሌ አገልግሎት ማዕከል ሄድን።

ሰልፉ ረጅም ነበር። የመጀመሪያው መስኮት ላይ ያለው ልጅ ታሪኩን ከግማሽ ሳያሳልፍ ሲም ካርድ እንድንቀይር ነገረን። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሌባ በሐሰተኛ መታወቂያ የሰው ቁጥር ለራሱ የሚያስወጣበት ዘዴ አለ። እንዲህ ሲሆን ግን የባለቤቱ ሲም ይሞታል፤ ኔትወርክ ይጠፋል፤ መደወልም አይቻልም። አክስቴ ኔትወርክ አላቸው፤ ይደውላሉም። ይህንን ብናስረዳም ቁጥር አስይዞ ወደ ሌላ መስኮት ላከን። እዚያ አንዲት ልጅ ነበረች። ፊታቸውን አየች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እናቴ፣ ሰሞኑን ሰው ደውሎ ኮድ ምቱ ብሎዎት ነበር?» አለቻቸው።

ያን ቀን ሙሉ ይህን የጠየቀ የለም። እኔም አክስቴን ስለ ስልኩ እንጂ ስለ ሰው አልጠየቅኋቸውም ነበር፤ ማንም ያልጠየቀው ስልኩን ስለጠረጠርን ነው።

አክስቴ አስታወሱ። «አዎ፣ አንድ ጨዋ ልጅ» አሉ። «ከቴሌ ነው የምደውለው» ብሏቸዋል። ስማቸውን ከነአባታቸው ጠርቶ፣ እማማ ብሎ፣ ኔትወርኩ እየተሻሻለ ስለሆነ መስመርዎ እንዳይቋረጥ ብሎ፣ ኮከብ፣ 21፣ ኮከብ፣ ከዚያ አንድ ስልክ ቁጥር፣ ከዚያ መሰላል አስመታቸው። እያንዳንዱን ቁጥር በትዕግሥት እየጠራላቸው። ሲጨርሱም አመሰገናቸው።

ይህ ኮድ ጥሪን ወደ ሌላ ቁጥር ማዞሪያ ነው። በብዙ አገሮች በጂኤስኤም መስመር ላይ ይሠራል፤ ለቢሮ ሰው፣ ለመንገደኛ የተበጀ ደህና አገልግሎት ነው። ትእዛዙ የሚቀመጠው ኔትወርኩ ላይ እንጂ ስልኩ ውስጥ ስላልሆነ ስልክ ቢቀየርም ይቀራል። ሁሉም ጥሪ ይዞር ከተባለ የባለቤቱ ስልክ አንዴም አይጠራም። አጭር መልእክት ግን አይዞርም፤ ሌባው ያንን በሌላ መንገድ አለፈው። ዋትስአፕ በአክስቴ ቁጥር ሊከፍት ሲሞክር የማረጋገጫ ኮዱን በጥሪ እንዲነገረው ጠየቀ። ጥሪው ወደሱ ዞረ። ስድስቱ አኃዝ ጆሮው ላይ ተነገረው። የአክስቴ ዋትስአፕ ከስልካቸው ወጥቶ እሱ ጋ ተከፈተ፤ እሳቸው ኢንተርኔት ጠፋ ብለው ነበር። ከዚያ ለዘመድ ወዳጅ ሁሉ ጻፈ። የተጠራጠረ ሰው ለማረጋገጥ ሲደውል ደግሞ የሚያነሳው እሱ ራሱ ነው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ይቆጨኛል፤ ልጃቸው ማድረግ ያለባትን ትክክለኛ ነገር ስታደርግ ያገኘችው ሌባውን ነው። ያዳናት እናቷ ወንድ ልጅ እንደሌላቸው ማወቋ ብቻ ነው።

መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ በአክስቴ ስልክ *#21# መታች። አንድ የማናውቀው ቁጥር ስክሪኑ ላይ ወጣ። ቀጥላ ##002# መታችና ደወሉን ተጫነች። ማዞሪያው ሁሉ ተሰረዘ የሚል መልስ መጣ። ከማዕከሉ ሳንወጣ ስልኩ ጠራ። አክስቴ ደነገጡ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ መጥራቱ ነው። የማኅበር ጓደኛቸው ነበሩ። «እህቴ፣ እንዴት ነሽ? ተሻለሽ? 3,000 ብሩ ደረሰሽ ወይ?» አሉ።

ዋትስአፑን በቁጥራቸው እንደገና ስናስመዘግብ ሌባው ወዲያው ወጣ። ነገር ግን ሁለተኛ የሚስጥር ቁጥር አስቀምጦ ስለነበር ሰባት ቀን መጠበቅ ግድ ሆነ፤ የድርጅቱ ደንብ ነው። ይህ ሁለተኛ ቁጥር አስቀድሞ በባለቤቱ ተቀምጦ ቢሆን ሌባው ኮዱን በጥሪ ቢሰማም በቀላሉ አይገባም ነበር። ዋትስአፕ ውስጥ «አካውንት» ከሚለው ሥር ይገኛል፤ ቴሌግራምም ተመሳሳይ አለው። በ2013 ግንቦት ወር ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ፣ ባንኮቹም ሁሉ ስልክ ውስጥ ከገቡ ወዲህ፣ ስልኩን የነካ ገንዘቡን ነካ ማለት ነው።

አክስቴ ለምን አመኑት የሚል አይጠፋም። ሲሉም ሰምቻለሁ፤ ያማል። አክስቴ ሞኝ አይደሉም። መርካቶ ውስጥ ሸማ ነግደው ልጅ ያሳደጉ፣ በሚዛን የማይሸወዱ ሴት ናቸው። ያመኑበት ሁለት በቂ ምክንያት ነበራቸው። አንደኛው ስማቸውን ማወቁ ነው። ዛሬ በገንዘብ ማስተላለፊያው ላይ አንድ ቁጥር ካስገቡ፣ ከመላክዎ በፊት የባለቤቱ ስም ይወጣል። በስህተት ወደ ሌላ ሰው እንዳይላክ የታሰበ ነው፤ ለሌባም ስም ያቀብላል።

ሁለተኛው ምክንያት ከቤሩት ይመጣል። ስደት ያለበት ቤት ያውቀዋል፦ ልጅ በርካሽ ካርድ ከውጭ ስትደውል እናት ስልክ ላይ የሚታየው የውጭ ቁጥር አይደለም፤ በ09 የሚጀምር የማይታወቅ የአገር ቁጥር ነው። ሲም ቦክስ የሚባለው መሣሪያ ብዙ ሲም ካርድ ይጎርስና ከውጭ በኢንተርኔት የመጣውን ጥሪ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ አድርጎ ያስተላልፈዋል፤ የዓለም አቀፉን ታሪፍ ለማምለጥ። በአዋጅ ቁጥር 761/2004 የተከለከለ ወንጀል ነው፤ ለዓመታት ግን የእናቶች ጆሮ በዚህ ለምዷል። ለአክስቴ የማያውቁት የ09 ቁጥር ማለት ልጃቸው ልትሆን ትችላለች ማለት ነው። በየጊዜው የሚያነሱት በተስፋ ነው። ሌባው የገባው በዚያ ተስፋ በኩል ነው። ይህ ነው ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ።

ስክሪን ላይ የሚታይ ቁጥር ማስረጃ አይደለም። በፖስታ ጀርባ ላይ የላኪውን ስም የሚጽፈው ራሱ ላኪው እንደሆነ ሁሉ፣ የደዋዩንም ቁጥር የሚልከው ጥሪው የተነሳበት ወገን ነው፤ በመሐል ያሉት ኔትወርኮች ተቀብለው ያሳልፋሉ። በኢንተርኔት የሚደውል ሰው በተገቢው ቦታ የፈለገውን ቁጥር ጽፎ ሊልክ ይችላል። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ይህን ከእኛ ቀድማ አይታዋለች። በ301 የሚጀምሩ የሰፈሯ ቁጥሮች እየመሰሉ ስለ ታክስና ስለ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚያስፈራሩ ጥሪዎች ይመጡባታል። አንድ ቀን ደግሞ የማታውቀው ሰው ደውሎ «ለምን ደጋግመሽ ትደውይብኛለሽ?» ብሎ ጮኸባት። እሷ አልደወለችለትም፤ ቁጥሯን ሌላ ሰው ለብሶት ነበር። ስልኳን ቀየረች፤ አልረዳትም፤ ስልኳ ውስጥ የገባ ነገር ስላልነበረ። ሌቦቹ ቁጥር ሲለውጡ በራሱ ቀረ።

እዚያ እንኳ ሕግ ወጥቶለታል። ለማታለል ብሎ ቁጥር ማስመሰል ክልክል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ በወጣው ሕግ መሠረት ደግሞ ትልልቆቹ የስልክ ድርጅቶች ከጁን 30 ቀን 2021 ጀምሮ በኢንተርኔት መስመር በሚያስተላልፉት ጥሪ ላይ የቁጥሩን እውነተኛነት የሚያረጋግጥ የዲጂታል ፊርማ እንዲያደርጉ ተገደዋል። አሮጌው መስመር ላይ ግን ፊርማው ይጠፋል፤ ጥሪዎቹም አልቆሙም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ በማሽን የተሠራ የያኔው ፕሬዚዳንት የባይደን ድምፅ ለመራጮች እየደወለ እንዳትመርጡ ብሏል፤ የሚታየው ቁጥርም የአንዲት የፓርቲ ሰው እንዲመስል ተደርጎ ነበር። እንግዲህ ቁጥሩም ድምፁም ብቻውን አይታመንም ማለት ነው።

አጭር መልእክትም እንዲሁ ነው። «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፤ ይመልሱልኝ» ከሚል ጥሪ በፊት ልክ የባንክ የሚመስል መልእክት ይመጣል። ብዙ ጊዜ ከተራ ቁጥር ነው፤ ልብ ያለው ይለየዋል። ነገር ግን የላኪ ስም ማስመሰልም ስለሚቻል፣ የሐሰቱ መልእክት ከእውነተኞቹ ሥር ተሰልፎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ መልእክቱን ትተው ሂሳብዎን ራስዎ ከፍተው ቀሪውን ማየት ነው፤ ብሩ ከሌለ የለም።

በቴሌግራም የሚዞር አንድ ወሬም አለ፤ *#21# ከመታህ ስልክህ ተጠልፎ እንደሆነ ያሳይሃል የሚል። ይህ ልክ አይደለም፤ ያ ኮድ የሚያሳየው ጥሪ መዞሩንና አለመዞሩን ብቻ ነው። ሳይነሳ ወይም ስልክ ሲጠፋ ጥሪው ወደ መልእክት መቀበያ እንዲሄድ ኔትወርኩ ራሱ ያደረገው ማዞሪያ በሌሎች ኮዶች ሊታይ ይችላል፤ እሱ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሁሉም ጥሪ ወደማያውቁት ሰው ቁጥር ሲዞር ነው።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ስልክ ማንሳት ተዉ። ለማኅበር ጓደኛቸው 3,000 ብሩን ከራሳቸው ከፈሉ፤ «በኔ ስም ነው የሄደባት» ብለው። ጓደኛቸው አልቀበልም ብለው ሲከራከሩ አየሁ፤ ሁለት አሮጊቶች አንድ ወጣት የሰረቀውን ለመክፈል ሲሻሙ። ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አፈሩ። ለምኜ ወሰድኋቸው፤ ቃላቸውን ሰጡ፤ ስክሪኑ ላይ የወጣውን ቁጥርም አስመዘገብን። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል ይቀጣል። የተሰረቀ ሰው ሊያፍር አይገባውም፤ ዝም ባልን ቁጥር ያ ሰው በዚያው ቁጥር ሌላ ቤት ይደውላል።

የስልክ ድርጅቶቹና ባንኮቹ ማስጠንቀቂያ ይልካሉ፤ አይቻለሁ። «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አይስጡ» ይላል፤ ልክ ነው። ግን የሚልኩት በጽሑፍ ነው። አክስቴ ጽሑፍ የሚያነቡት መነጽራቸውን ፈልገው፣ ፊደል በፊደል ነው፤ በየቀኑ ከሚዘንበው የሎተሪና የፓኬጅ መልእክት መካከል ያንን ለይተው አላዩትም። ሌባው በድምፅ ነው የመጣው፤ በአማርኛ፣ እማማ እያለ። ማስጠንቀቂያውም በድምፅ ይምጣላቸው። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ እናቶቻችን በሚሰሙት ቋንቋ ሁሉ ይነገር፤ በሬዲዮ፣ ከካርድ መሙላቱ በኋላ በሚሰማው ድምፅ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ። ኮከብ 21 የሚለው ኮድ ሲመታም ኔትወርኩ ዝም ብሎ ከሚፈጽመው «ጥሪዎ በሙሉ ወደዚህ ቁጥር ሊዞር ነው፤ እርስዎ ነዎት ያዘዙት?» ብሎ በድምፅ ይጠይቅ።

እርስዎ ደግሞ አንባቢዬ፣ ይህን ሲጨርሱ የእናትዎን ወይም የአባትዎን ስልክ ይቀበሉና *#21# ይምቱ። የማያውቁት ቁጥር ከወጣ ##002# ይምቱ። የዋትስአፕና የቴሌግራሙን ሁለተኛ የሚስጥር ቁጥር አብረው ያስቀምጡ፤ ባትሪው እንዳላበጠ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አዙረው ይዩት። ከቴሌም ከባንክም ደውሎ ኮድ ምቱ የሚል ሰው እንደሌለ፣ ቢመጣም ዘግተው ለልጅ መደወል እንደሚሻል ይንገሯቸው። በቁጣ ሳይሆን ቡና እየጠጡ ይንገሯቸው።